ሕጉ ሐይቅና አምባሰል እስኪደርስ

ስልኩ በጣም ፈጥኖ ነው የሚያነበው። ጠረጴዛው ማዶ የተቀመጥሁት እኔ ከሚለው ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ በሙሉ አልያዝሁም፤ ባለቤቱ ግን አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቃል ሳያመልጠው ይከተለዋል። ያለነው ሐይቅ ከተማ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አስፋልት ዳር፣ አንዲት ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ደጅ ላይ ባጃጆች ይጯጯኻሉ። አስተናጋጇ ብርጭቆውን ስታስቀምጥ "በቀኝህ ነው፣ ወንድምዬ" ትለዋለች፤ እጁ ሳይደናበር ያገኘዋል።

ወጣቱ ዓይነ ስውር ነው። አምባሰል ገጠር ተወልዶ፣ ከቤተሰቡ ርቆ በብሬይል ፊደል ቆጥሮ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በሕግ ተመርቋል። ሥራ እያመለከተ ስለሆነ ስሙ እንዳይጻፍ ጠይቆኛል። የሚያዳምጠው በኢንተርኔት የሚሰጥ የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ ሥልጠና ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። የዕለቱ ርዕስ ደግሞ ተደራሽነት፣ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 9። ስክሪን ሪደር የሚባለው ፕሮግራም በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ እያነሣ ወደ ድምፅ ይለውጥለታል፤ ጣቱን ወደ ቀኝ ሲያንሸራትት ወደሚቀጥለው ንዑስ አንቀጽ ያልፋል፤ ሁለት ጊዜ ሲነካ ይከፍታል።

"አሁን ደግሞ የእኛን ላሳይዎት፣ ጋሼ" አለኝ። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣውን አዋጅ ቁጥር 568/2000 ከፈተ። እንደ እርሱ ሥራ ለሚፈልግ ሰው ከአገሪቱ ሕጎች ሁሉ ቅርቡ ይህ ነው። ስልኩ የፋይሉን ስም ጠራና ዝም አለ። ጣቱን አንሸራተተ፤ ዝም። እንደገና አንሸራተተ፤ የገጹን ቁጥር ነግሮት ዝም።

"የኒው ዮርኩን ስምምነት ብቻዬን አነባለሁ፤ የአገሬን አዋጅ ግን ሰው ካላነበበልኝ አላውቀውም" አለ። ድምፁ ውስጥ ምሬት አልነበረም። ነገሩን የለመደው መሆኑ ነው እኔን የከበደኝ።

ስልኩ ዝም ያለበት ምክንያት ቀላል ነው። በየድረ ገጹ የሚዘዋወሩት ብዙዎቹ የነጋሪት ጋዜጣ ቅጂዎች ከታተመው ወረቀት ላይ በስካነር የተነሡ ምስሎች ናቸው። ለሚያይ ሰው ገጹ ላይ "አንቀጽ" የሚል ቃል አለ፤ ለማሽኑ ግን ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ በድሮዎቹ የግእዝ ፎንቶች የተጻፉ ናቸው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የኮምፒውተር ፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የላቲን ፊደላትን ቦታ እየተዋሱ ነበር የግእዝን ቅርጽ የሚያሳዩት። በእነርሱ የተጻፈ ሰነድ ለዓይን ጥርት ያለ አማርኛ ቢመስልም ስክሪን ሪደሩ የሚያገኘው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ነው።

ቴክኖሎጂው የለም እንዳይባል፣ አለ። ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን ሪደር እ.ኤ.አ. በ2006 በአውስትራሊያ፣ ራሳቸው ዓይነ ስውር በሆኑ ባለሙያዎች የተጀመረ ሲሆን ዛሬም በነጻ ይታደላል። ኢስፒክ የተሰኘው ነጻ የንግግር ፕሮግራም አማርኛ ያነባል፤ ድምፁ ሻካራ ቢሆንም ለለመደው ጆሮ በቂ ነው። ማይክሮሶፍትም መቅደስና አምሃ ብሎ የሰየማቸው ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉት፤ እነዚህስ ወደ ሰው አነጋገር የቀረቡ ናቸው። አንባቢው ተገኝቷል፤ የጎደለው የሚነበበው ነገር ነው።

ይህ ጉዳይ ለሐይቅና ለአምባሰል ለምን ትልቅ ጉዳይ እንደሆነ ለመረዳት ሕጉ ራሱ ምን እንደሚል መመልከት ያስፈልጋል። ስምምነቱን የመንግሥታቱ ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006 ነው። ኢትዮጵያ ለፊርማ በተከፈተበት በመጀመሪያው ቀን፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 30 ቀን 2007 ፈረመች፤ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ደግሞ አጸደቀች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት ኢትዮጵያ ያጸደቀችው ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ስለዚህ ሐይቅ ላይ የተቀመጠ ዳኛ፣ ውጫሌ ላይ የተመደበ ፖሊስ፣ የቀበሌ ሥራ አስኪያጅ፣ ሁሉም በዚህ ስምምነት ይገዛሉ።

ስለ ሥልጠና ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። ማሠልጠን ራሱ በስምምነቱ ውስጥ የተጻፈ ግዴታ ነው። አንቀጽ 4 መንግሥታት ከአካል ጉዳተኞች ጋር የሚሠሩ ባለሙያዎችን በመብቶቹ ላይ እንዲያሠለጥኑ ያዝዛል። አንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት የሚመለከታቸው ሁሉ እንዲሠለጥኑ ይላል። አንቀጽ 13 ደግሞ በፍትሕ አስተዳደር የሚሠሩት፣ ፖሊስና የማረሚያ ቤት ሠራተኛ ጭምር፣ ተገቢውን ሥልጠና እንዲያገኙ ይጠይቃል። ሥልጠናው አንድ ለጋሽ ገንዘብ ሲያገኝ የሚደረግ፣ ሲያጣ የሚቀር በጎ አድራጎት አይደለም። አገሪቱ በፊርማዋና በአዋጇ የገባችው ቃል ነው።

ሆኖም አገራችን ዓለም አቀፍ ስምምነት ስታጸድቅ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ብዙ ጊዜ የማጽደቂያው አዋጅ እንጂ የስምምነቱ ሙሉ ቃል አይደለም። ማጽደቂያው ሁለት ገጽ ቢሆን ነው። የወረዳ ዳኛ ጋዜጣውን ገልጦ ስምምነቱ መጽደቁን ያውቃል፤ አንቀጽ 13 ምን እንደሚል ግን ከዚያ አያገኝም። በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት ሊሞላው የሚችለው ክፍተት አንዱ ይህ ነው።

ከሐይቅ ወደ ሰሜን በዚያው አስፋልት ሲቀጥሉ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ውጫሌ ይገኛል። አገሩ ተራራ ነው፤ ከከተማው ወደ ላይኛው ቀበሌ ለመድረስ ጤነኛ እግር ያለው ሰውም ግማሽ ቀን ሊፈጅበት ይችላል። ውጫሌን ኢትዮጵያውያን የምናውቃት በ1881 በተፈረመው ውል ነው። የፊርማ ነገር በዚህ አካባቢ ታሪክ አለው ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን የማነሣው የዘመናችንን ፊርማ ነው።

ወጣቱ የሕግ ምሩቅ የባንክ ሒሳብ ሊከፍት ሄዶ ነበር። የትኛው ባንክ እንደሆነ አልጽፍም፤ ነገሩ በየትኛውም ሊያጋጥም የሚችል ነውና። መታወቂያውን ሰጠ፣ ቅጹ ተሞላለት፣ ሊፈርም እስክሪብቶውን አነሣ። "የሚያምኑትን ሰው ይዘው ይምጡ፤ ሕጉ ነው" ተባለ። ሕግ ለተማረ ሰው "ሕጉ ነው" ተብሎ መመለስ እንዴት እንደሚያንገበግብ መገመት አያስቸግርም።

የባንኩ ሠራተኛ የምታስበው ሕግ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 1728 ንዑስ አንቀጽ 3 የዓይነ ስውር ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ተጭበርብሮ የፈረመ ሰው ንብረቱን እንዳያጣ የተጻፈ ጥበቃ ነው። በዚያ ዘመን ስክሪን ሪደር አልነበረም፤ ያላነበበው ወረቀት ላይ እጁን ይዘው የሚያስፈርሙት ሰው ነበር። ነገር ግን አንቀጹ የሚለው ዓይነ ስውሩ በፊርማው አይገደድም ነው እንጂ ያለ አጃቢ ሒሳብ አይከፍትም አይደለም። ለሰውየው መከላከያ የተሰጠው ድንጋጌ በልማድ ለባንኩ መከላከያ ሆነ። "የሚያምኑት ሰው" ደግሞ የሒሳቡን ቁጥርና የገንዘቡን መጠን የሚያውቅ ሌላ ሰው ነው፤ ሊጠብቅ የመጣው ሕግ ሰውየውን ለሌላ አደጋ አጋለጠው።

የዚያው ሕግ አንቀጽ 340 መስማትና መናገር የተሳናቸው፣ ዓይነ ስውራንና ሌሎች ዘላቂ ጉዳት ያለባቸው ሰዎች፣ ራሳቸውን ወይም ንብረታቸውን ማስተዳደር ካልቻሉ፣ ለአእምሮ ሕሙማን በተደነገገው ጥበቃ ሊጠቀሙ እንደሚችሉ ይገልጻል። ይህም "ይችላሉ" የሚል ነው፤ ምርጫው የራሳቸው ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 12 ከዚህ ርቆ ይሄዳል። አካል ጉዳተኛ በሕይወቱ ጉዳይ ሁሉ ከሌሎች እኩል የሕግ ችሎታ አለው፤ ድጋፍ ካስፈለገው ድጋፉ ይሰጠዋል፤ ውሳኔው ግን የራሱ ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ አንድ ጥሩ የሥልጠና ትምህርት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። የባንክ ሠራተኛዋ ክፉ ሰው አይደለችም። አለቃዋ የነገራትን፣ አለቃዋም ከእርሱ በፊት የነበረው የነገረውን ታደርጋለች። አንቀጽ 1728ን ከአንቀጽ 12 ጋር አስቀምጦ፣ በአማርኛ፣ በግማሽ ሰዓት የሚያስረዳ ትምህርት በስልኳ ቢደርሳት በማግሥቱ ልታደርግ የምትችላቸው ነገሮች አሉ። ቅጹን ጮክ ብላ ሳይሆን ለብቻው ልታነብለት፣ በሚነበብ ፋይል ልትልክለት፣ ማረጋገጫ የሚያስፈልገው ውል ከሆነ የት እንደሚረጋገጥ ልትነግረው ትችላለች። ቀላል የቁጠባ ሒሳብ ከሆነ ደግሞ እንደማንኛውም ደንበኛ ታስተናግደዋለች።

በሰዎች አስተሳሰብ ላይ ያለው ነገር ይህ ነው። ሲሚንቶና ብረት የሚጠይቀውስ?

በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀሙም ሆነ መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች አመቺ መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል፤ መጸዳጃ ቤት በሚያስፈልግበት ሕንፃም በቂ ቁጥር ያለው ለእነርሱ እንዲመች ሆኖ እንዲሠራ ጠይቋል። ድንጋጌው አጭርና ግልጽ ነው። በመንገዱ ዳር ካሉት ከተሞቻችን በአንዱ ፎቅ ላይ የተከራየ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ቆሜ ግን ይህን አየሁ፤ ከአስፋልቱ ጀምሮ ክፍት የጎርፍ ቦይ፣ በቦዩ ላይ ጣውላ፣ ከጣውላው ቀጥሎ ሦስት ደረጃ፣ ከደረጃው ጎን የሲሚንቶ ራምፕ። ራምፑ አለ። ግን ቁልቁለቱ ዊልቸር ላይ የተቀመጠን ሰው ወደ ኋላ ገልብጦ የሚጥል ነው። ሁለት ክራንች የያዘች እናት ራምፑን ትታ ደረጃውን በመቀመጫዋ ወጣች። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ውስጥ ስትገባ ማንም ምንም አላለም፤ ሁሉም የለመደው ነው።

በዓለም የተለመደው የራምፕ ልክ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው። ሦስት ደረጃ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ራምፑ ከ5 ሜትር በላይ ርዝመት ይፈልጋል ማለት ነው። ያየሁት ግን 1 ሜትር ተኩል የሚሆን ነው። የሠራው ግንበኛ አዋጁን ለማክበር ብሎ ነው የሠራው፤ ገንዘብም ወጥቶበታል። 12 የሚለውን አንድ ቁጥር የነገረው አልነበረም። የሕንፃ ሹም፣ መሐንዲስ፣ ኮንትራክተር፣ ፎርማን፣ እነዚህ ሁሉ ለተደራሽነት ሥልጠና የሚገቡ ሰዎች ናቸው። እነርሱ ሳይገቡ የሕግ ባለሙያው ብቻ ቢሠለጥን ራምፑ እንደዚያው ይቀራል።

ስንት ሰው ነው የሚመለከተው? እዚህ ላይ ቁጥሮቹ እርስ በርስ ይራራቃሉ፤ ምክንያቱን ማወቅም ይጠቅማል። በ1999 የተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ አካል ጉዳተኞችን አንድ በመቶ ገደማ አድርጎ ነበር የቆጠራቸው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ሪፖርት ለኢትዮጵያ 17.6 በመቶ የሚል ግምት አስቀምጧል። ይህን ያህል ልዩነት የሚፈጥረው ጥያቄው ነው። "ቤት ውስጥ አካል ጉዳተኛ አለ?" ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ቤተሰብ ወይ ያፍራል፣ ወይ ጆሯቸው የደከመውን አያትና ዓይናቸው የፈዘዘውን እናት አይቆጥርም። ስለዚህ ዋሽንግተን ግሩፕ የተባለው የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ቡድን ስድስት ጥያቄዎችን አዘጋጀ፤ ለማየት፣ ለመስማት፣ ለመራመድ፣ ለማስታወስ፣ ራስን ለመንከባከብና ለመግባባት ምን ያህል ይቸገራሉ? መልሱም አዎ ወይም የለም ሳይሆን በደረጃ ነው። በዚህ መንገድ ሲጠየቅ ቁጥሩ ከፍ ይላል። በዓለም ደረጃ 1.3 ቢሊዮን ሕዝብ፣ ከስድስት ሰው አንዱ፣ ከፍተኛ የአካል ጉዳት እንዳለበት የጤና ድርጅቱ ገልጿል።

ሐይቅና አምባሰል ለሚገኙበት ለወሎ ጉዳዩ ከቁጥር ያለፈ ታሪክ አለው። በ1998 ገደማ የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት የዓይነ ስውርነትን ስርጭት 1.6 በመቶ አግኝቶታል። ግማሽ ያህሉ የዓይን ሞራ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ሊድን የሚችል። ትራኮማ ደግሞ በአማራ ክልል ከየትኛውም ክልል በላይ በርትቶ ቆይቷል። ከደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሥጋ ደዌና የዓይን ሕሙማንን ሲያክም የኖረ ነው። ደሴ ላይ ያለው የአካል ተሃድሶ ማዕከል ሰው ሠራሽ እግርና ክራንች ይሠራል። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ላይ የሰሜኑ ጦርነት ደሴን፣ ኮምቦልቻን፣ ሐይቅንና ውጫሌን ሲያዳርስ የዚያ ማዕከል ደጅ የሚጠብቁት ሰዎች ዓይነት ተለወጠ። ጥይትና ፈንጂ እግር ያሳጣቸው ገበሬዎችና ወጣቶች መጡ። እነዚህ ሰዎች የተወለዱት ከጉዳቱ ጋር አይደለም፤ ትናንት ያለ ችግር ይወጡት የነበረው ደረጃ ዛሬ የማይወጣ ሆነባቸው። መብታቸውን ከዜሮ ጀምረው ሊማሩ ይገባቸዋል፤ ያውም በፍጥነት።

ደቡብ ወሎ በዚህ ጉዳይ ለዓለም ያበረከተችው ሰው አለች። የትነበርሽ ንጉሤ እ.ኤ.አ. በ1982 በአማራ ሳይንት ተወለደች። በአምስት ዓመቷ የዓይኗን ብርሃን አጣች። በሻሸመኔ የካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምራ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በሕግ ተመረቀች፤ በሶሻል ወርክም ሁለተኛ ዲግሪ ያዘች። የኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችና ልማት ማዕከልን ካቋቋሙት አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። በአደባባይ ደጋግማ እንደተናገረችው ዓይነ ስውር መሆኗ ከልጅነት ጋብቻ አተረፋት፤ ለጋብቻ አትሆንም ተብላ ስለተተወች ትምህርት ቤት ገባች። ይህን ታሪክ ስሰማ ደስታና ቁጭት አብረው ይመጡብኛል። ያቺ ልጅ ለመማር ከሳይንት ሻሸመኔ ድረስ መሄድ ነበረባት። ከእርሷ ጋር እኩል ተስፋ የነበራቸው፣ ወደ ሻሸመኔ የሚወስዳቸው ያላገኙ ልጆች አሁንም በአምባሰል ተራሮች ላይ አሉ። በስልክ የሚደርስ ትምህርት ዋነኛ ጥቅሙ ይህን ርቀት ማሳጠሩ ነው።

አገሩ ደግሞ በጆሮ መማርን ያውቅበታል። ከከተማው አጠገብ ባለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው ዜማውንና ቅኔውን ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ በቃሉ ይይዛል፤ ዓይነ ስውር ሊቃውንት በዚህ ሥርዓት ውስጥ የተከበረ ቦታ አግኝተው ኖረዋል። በወሎ መስጊዶችና መድረሳዎችም ቁርኣንን በልባቸው የሸመደዱ ዓይነ ስውራን አሉ። ዓይነ ስውርን ማስተማር አይቻልም የሚል ሰው ካለ እዚህ አገር የሚናገረው አባባል ስር የለውም። አዲሱ ነገር መምህሩ በስልክ መምጣቱ ብቻ ነው።

ስልኩ ግን ኔትወርክ ይፈልጋል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። የኦንላይን ሥልጠና የጀመረ የሐይቅ ተማሪ ፈተናው ሳይደርስ ትምህርቱ ከእጁ ወጣ። አገልግሎቱ በተመለሰባቸው ቦታዎችም ተራራው ላይ ሲግናል ይመጣል፣ ይጠፋል፤ ዳታ ደግሞ ገንዘብ ነው። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ በዙም የሁለት ሰዓት የቀጥታ ትምህርት የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ማሰብ አለበት።

እዚህ ላይ ከባድ የሆነ ጥያቄ ይነሣል፤ እኔም ቀላል መልስ የለኝም። ለዓይነ ስውር የሚሆን ትምህርት በጣም ቀላል ፋይል ነው። የአንድ ሙሉ አዋጅ ጽሑፍ በዩኒኮድ ቢቀመጥ ከአንድ ፎቶግራፍ ያንሳል፤ በደካማ ኔትወርክም ይወርዳል። መስማት የተሳነው ተማሪ ግን ቪዲዮ ያስፈልገዋል። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዲግሪ ደረጃ ያስተምረዋል። ብዙ መስማት የተሳናቸው ሰዎች የጽሑፍ አማርኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ነው የሚይዙት። ስለዚህ ከቪዲዮው ሥር ጽሑፍ ማስገባት ብቻ አይበቃም፤ አስተርጓሚው በምስሉ ላይ መታየት አለበት፣ እጁና ፊቱ ደግሞ ጥርት ብለው። ጥራት ሲጨምር ፋይሉ ይከብዳል። ለአንዱ የሚቀለው ለሌላው በዚያው መጠን ይከብዳል። አንድ መውጫ ግን አለ፤ ትምህርቱን አንድ ጊዜ ደሴ ወይም ሐይቅ ላይ ማውረድና ከዚያ በሜሞሪ ካርድ፣ በብሉቱዝ፣ ከስልክ ወደ ስልክ ማዳረስ። ወጣቶቻችን ፊልምና ዘፈን በዚህ መንገድ ሲያዳርሱ ዓመታት ሆኗቸዋል።

አሁን ያሉት ትምህርቶች ምን ይመስላሉ? የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሰብአዊ መብቶች ማዕከል በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ ለአፍሪካውያን አጫጭር ኮርሶች ይሰጣል፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮም የየአገሩን ሕግ የሚመረምር የዓመት መጽሐፍ ያወጣል፤ ኢትዮጵያም ተካትታበታለች። የድረ ገጽ ተደራሽነት ላይ ደግሞ የዓለም አቀፍ ድር ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብልዩ ስሪ ሲ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ነጻ የመግቢያ ኮርስ ከፍቷል። የዚያ ትምህርት መሠረት አራት ሐሳብ ነው፤ ገጹ ላይ ያለው ነገር በአንዱ የስሜት ሕዋስ ባይሆን በሌላው የሚደረስበት ይሁን፤ ያለ ማውስም ማንቀሳቀስ ይቻል፤ የሚገባ ይሁን፤ በማንኛውም መሣሪያ ይሥራ። ማንኛውም የአማርኛ ድረ ገጽ ሠሪ ይህን ቢማር ጋዜጦቻችንና የመንግሥት ገጾች በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላ መልክ በያዙ ነበር። ችግሩ ሁሉም በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። ሐይቅ ላይ ያለው የሕግ ምሩቅ ይከታተለዋል፤ የቀበሌዋ መዝጋቢ ግን አትችልም። መብቱን የምትሰጠው ወይም የምትከለክለው ደግሞ እርሷ ናት።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ አሥር የጣት አሻራ፣ ሁለት የዓይን ብሌንና የፊት ፎቶ ይወስዳል። በሥጋ ደዌ ጣቱን ያጣ ሰው፣ ዓይኑ የፈሰሰ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ማሽኑ አይቀበለውም። ፋይዳ የተመሠረተበት ሞሲፕ የተባለው ሥርዓት ለእንዲህ ያለው ሰው በልዩ ሁኔታ የመመዝገቢያ መንገድ አለው። መዝጋቢዋ ያንን መንገድ ካላወቀች ግን "አሻራዎ አይወጣም" ብላ ትመልሰዋለች፤ ሰውየው ያለ መታወቂያ፣ ያለ ባንክ፣ ያለ ሲም ካርድ ይቀራል። በዚህ ጉዳይ የሚያስፈልገው ሥልጠና ሃያ ደቂቃ አይሞላም።

አገራችን ውስጥ ሥልጠና ሲባል የሆቴል አዳራሽ፣ አበል፣ የቡድን ፎቶና ሰርተፍኬት ነው የሚታሰበው። አዳራሹ ብዙ ጊዜ ፎቅ ላይ ነው። የሚጠሩትም በተደጋጋሚ የሚጠሩት ያው ሰዎች ናቸው። ይህን ልማድ ወደ ኢንተርኔት ማዛወር ብቻውን ምንም አይለውጥም። እኔ የምፈልገው ትምህርት በእያንዳንዱ ክፍል መጨረሻ ላይ አንድ ሥራ የሚያሠራ ነው፤ የሕንፃ ሕጉን የተደራሽነት ድንጋጌ የተማረች ተማሪ ለማዘጋጃ ቤቱ ማመልከቻ ትጽፋለች፤ አዋጅ 568ን የተማረ ሥራ ፈላጊ ቃለ መጠይቅ ላይ ተመጣጣኝ ማመቻቸት የሚባለው ለጉዳቱ የሚስማማ ማስተካከያ እንዲደረግለት የሚጠይቅ ደብዳቤ ያዘጋጃል። ያ አዋጅ እኮ ቀላል መሣሪያ አይደለም። በአካል ጉዳቱ ምክንያት ተለየሁ የሚል ሥራ ፈላጊ ሲከስ የማስረዳቱን ሸክም ወደ ቀጣሪው ያዞራል፤ ከሌሎች ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ላመጣ አካል ጉዳተኛም ቅድሚያ ይሰጣል። ይህን የሚያውቅ ሥራ ፈላጊ ስንት ነው? የሚያውቅ የሰው ኃይል ክፍል ኃላፊስ?

ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አለ። ተማሪዎቹ በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ይጽፋሉ፤ ብዙዎቹ መደርደሪያ ላይ ይቀራሉ። ከእነርሱ መካከል ጥቂቶች ጽሑፋቸውን ትተው እነዚህን አንቀጾች በቀላል አማርኛ ቢያዘጋጁ፣ ዓይነ ስውራንና መስማት የተሳናቸው ምሩቃን ደግሞ አስተማሪና አራሚ ቢሆኑበት፣ ትምህርቱ ከዚያው አገር ወጥቶ ለዚያው አገር ይደርሳል። አስተማሪው አካል ጉዳተኛ መሆኑ ለእኔ ከምንም በላይ ነው። የባንክ ሠራተኛዋ አንቀጽ 12ን ከዓይነ ስውር ጠበቃ አፍ ብትሰማው በሚቀጥለው ሳምንት ደጇ ላይ የሚቆመውን ደንበኛ በሌላ ዓይን ታየዋለች።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል፤ በጀትም ይፈልጋል። አንድ ነገር ግን ነገ ሊደረግ ይችላል። እያንዳንዱ አዋጅ ከመታተሙ በፊት ኮምፒውተር ላይ የተተየበ ጽሑፍ ነው። ያ ጽሑፍ በዩኒኮድ፣ ምስል ሳይሆን ፊደል ሆኖ፣ ከታተመው ጋዜጣ ጎን በድረ ገጽ ይቀመጥ። ነጋሪት ጋዜጣን ለምታወጡት የፌዴራል መንግሥት ኃላፊዎች፣ ዝክረ ሕግን ለምታወጡት የአማራ ክልል ምክር ቤት ሰዎች የማቀርበው ጥያቄ ይኸው ነው። ከአዋጅ 568/2000 እና ከአዋጅ 676/2002 ጀምሩ፤ የስምምነቱንም ሙሉ ቃል በአማርኛ ጨምሩበት።